ፔይንትቦል በደሴና በኮምቦልቻ፦ ሲኦቱ ወይስ የታመቀ አየር?

ሐረጎ_ዳገት፦
እንዴት ሰነበታችሁ ወገን። የአክስቴ ልጅ ያገለገሉ የፔይንትቦል ማርከሮች፣ ማለትም በጋዝ ግፊት የቀለም ጥይት የሚተኩሱ የመጫወቻ ጠመንጃዎች፣ ከዱባይ ሊያመጣልኝ ነው። አብዛኞቹ ቲፕማን 98 ናቸው፤ ጥቂቶቹ በባትሪ የሚሠሩ ኤሌክትሮኒክ ናቸው። ከሰፈር ልጆች ጋር ሆነን ቅዳሜና እሁድ የሚከራይ መጫወቻ ልንከፍት አስበናል። ቦታው ገና አልተቆረጠም፤ ወይ ኮምቦልቻ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ወይ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ። የፈቃዱን ነገር እየተሯሯጥንበት ነው፣ እሱን ለጊዜው ተዉት።

የቸገረኝ ጋዙ ነው። ልጁ «የትኛውን ሲሊንደር ልግዛ?» እያለ በየቀኑ ይደውላል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ (ሲኦቱ የሚሉት) ርካሽ ነው፤ የታመቀ አየር የሚይዘው እጥፍ ምናምን ይላል። ሁለቱም ማርከሩ ላይ በአንድ ዓይነት ጥርስ ይታሰራሉ አለኝ። ታዲያ ውዱን የምገዛው ምን አግኝቼ ነው? የገባችሁ አስረዱኝ።

ቡና_ጠጡ፦
ቦሩ ሜዳ ላይ ደግሞ በቀለም መመታት ለምን አስፈለገ? ብርዱ ራሱ ይመታሃል እኮ ሃሃሃ

ከሪያድ_የገባ፦
አብሽር ወንድሜ፣ መልስ አለው። ቲፕማን 98 ሁለቱንም ይበላል፣ ጸባዩ ጥሩ ነው። ባለባትሪዎቹን ግን ከሲኦቱ አርቃቸው። ውስጣቸው ሶሌኖይድ የሚባል ስስ ቫልቭ አለ፤ ፈሳሽ ሲኦቱ እዚያ ከደረሰ ኦሪንጉን (ጋዝ እንዳያፈስ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) አድርቆ ይሰነጥቀዋል፣ ቫልቩም ይበላሻል። መለዋወጫውን ደግሞ ደሴ አታገኘውም። እነሱ በአየር ብቻ ነው የሚሠሩት ብለህ ዝጋው።

ሐረጎ_ዳገት፦
ፈሳሽ ስትል? ጋዝ አይደል እንዴ?

ፊዚክስ_ቲቸር፦
የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ሲኦቱ አብዛኛው ፈሳሽ ነው። ከፈሳሹ በላይ ትንሽ ክፍት ቦታ አለች፤ ጋዙ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ስትተኩስ ጋዙ ይወጣል፣ ከፈሳሹ ላይ ደግሞ እየተነነ ይተካል። ስለዚህ ግፊቱን የሚወስነው ምን ያህል እንደሞላህ ሳይሆን ሲሊንደሩ ምን ያህል እንደሞቀ ነው። ግፊቱን በባር ብንለካው በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 40 ባር ገደማ፣ በ20 ዲግሪ 57 ባር፣ በ30 ዲግሪ 72 ባር ይሆናል። 31 ዲግሪን ሲያልፍ ደግሞ ፈሳሽና ጋዝ የሚባል ልዩነት ይጠፋና ግፊቱ የሚወጣው በጥድፊያ ነው።

እንግዲህ ይህን ወደኛ ሀገር አምጣው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የቦሩ ሜዳን ጠዋት የምታውቅ ታውቀዋለህ። ኮምቦልቻ ደግሞ ከሐረጎ ዳገት በታች፣ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ከቀትር በኋላ 28 እና 30 ዲግሪ ብትል የሚገርመው የለም። ያው ሲሊንደር፣ ያው ማርከር፣ በዚህች አጭር ርቀት ሌላ መሣሪያ ይሆንብሃል።

ሌላም አለ። ፈሳሽ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ አልኮል እጅህ ላይ ሲደርቅ የሚቀዘቅዝህ በዚያ ነው። አንዱ ልጅ ጣቱን ቃታው ላይ አድርጎ ሲያንጣጣው ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፣ ላዩ ላይ ውርጭ ይጋግራል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ጥይቷ እፊቱ ትወድቃለች። እረፍት ሰጥተኸው ሲሞቅ እንደገና ይነሳል።

የአየሩ ሲሊንደር ፈሳሽ የሚባል ነገር የለውም። 3000 ፒኤስአይ፣ ማለትም ከ200 ባር ትንሽ ከፍ ያለ፣ ተጨምቆ የገባ አየር ነው። አናቱ ላይ ያለው ሬጉሌተር ያንን ወደ 58 ባር አካባቢ አውርዶ ለማርከሩ ይሰጣል፤ ሲሊንደሩ ሙሉ ሆነ ግማሽ፣ ጠዋት ሆነ ቀትር፣ የሚሰጠው ያንኑ ነው ማለት ይቻላል። ውድ ያደረገው ያ ሬጉሌተር ነው።

ድራፍት_ቤት፦
ቲቸር ትንታኔው ጥሩ ነው፣ ግን ልጁን ባዶ እጁን አታስቀሩት። ሲኦቱ እዚሁ አለ። ድራፍት የሚሸጥ ቤት ሁሉ ከባንኮኒው ሥር አንድ ሲሊንደር አለው። የእሳት ማጥፊያ የሚሞሉትም ይሠሩበታል። 200 ባር አየር ግን ማን ይሞላልሃል? ፔይንትቦል ሲጀመር በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጫወቱበት ማርከር እኮ ዛፍና ከብት ምልክት ማድረጊያ የነበረ፣ 12 ግራም ሲኦቱ በያዘች ትንሽ ቀፎ የሚሠራ ነው። ያኔም ተጫውተዋል፣ ማንም አልሞተም።

ሐረጎ_ዳገት፣ ከገዛህ 20 አውንሱን ግዛ፤ 567 ግራም ይይዛል፣ ሲሞቅ ከ800 እስከ 1000 ጥይት ያስወረውርሃል። ለኪራይ ይበቃል።

ቡና_ጠጡ፦
ድራፍት ቤቱ ደንበኛ ፍለጋ ነው የገባው፣ አወቅንብህ። ለመሆኑ አየር ቸገረን ትላላችሁ እንዴ? ቧንቧ ውሃ ሰፈር ጎሚስታው ጋ ወስዳችሁ አስሞሉት!

አያ_መካኒክ፦
ልጆች፣ ሳቁን ተዉትና ስሙኝ። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር 8 ባር ቢበዛ 10 ባር ነው የሚሰጠው። እናንተ የምትሉት 200 ባር ነው። ሃያ እጥፍ። ጎሚስታው ሌሊቱን ሙሉ ቢያንኮራኩረው 10 ባር ላይ ቆሞ ያድራል።

200 እና 300 ባር የሚያወጣው ጠላቂ ዋናተኞች የሚሞሉበት ዓይነት ነው። አየሩን ሦስት አራት ጊዜ እያቀባበለ ነው የሚጨምቀው፣ በየመሀሉ ያቀዘቅዘዋል፣ መጨረሻ ላይ እርጥበትና ዘይት የሚያስቀር ፊልትሮ አለው። ፊልትሮውን ካልቀየርክ እርጥብ አየር ሲሊንደርህን ከውስጥ ያዝገዋል። ዋጋውን አትጠይቁኝ። ከዚያ ደግሞ እኛ ከፍታ ላይ ነን፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ደሴ ላይ በእኩል ሰዓት ባሕር ዳርቻ ከሚሞላው ሩብ ያህል ቀንሶ ነው የሚሞላልህ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ያው ነው። አሁን አሁን ትናንሽ የቻይና 300 ባር ኮምፕሬሰሮች አሉ፣ በ220 ቮልት የሚሠሩ፤ ግማሽ ሊትር ሞልተው ውሃቸው ይፈላል፣ ማረፍ አለባቸው። ለአንድ ሰው እንጂ ቅዳሜ ሰው ተሰልፎብህ አይሆኑም።

ሐረጎ_ዳገት፦
አያ ጤና ይስጥልኝ፣ አንቱ ባይነግሩን በጎሚስታ ልንዋረድ ነበር። ታዲያ ጓደኛዬ ሌላ ሐሳብ አለው፤ ብየዳ ቤት ያለው የኦክስጅን ሲሊንደር 150 ባር ነው፣ ከሱ ብንቀዳስ ይላል። ኦክስጅን ያው አየር አይደል?

ሰብለ_ሴፍቲ፦
አይደለም! እባክህ ይህን ሐሳብ አሁኑኑ ጣለው፣ ጓደኛህንም አስጥለው።

ፋብሪካ ውስጥ የሴፍቲ ሥራ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ልዘርዝረው። ማርከር በዘይት ነው የሚሠራው፤ ኦሪንጉ ዘይት ይጠጣል፣ ሬጉሌተሩ ውስጥ ቅባት አለ። ዘይት በከፍተኛ ግፊት ንጹሕ ኦክስጅን ሲያገኘው ክብሪት አይፈልግም። ቫልቩን ፈጠን አድርገህ ስትከፍት ጋዙ ሲታመቅ የሚፈጥረው ሙቀት ብቻ ያቀጣጥለዋል። ከተቀጣጠለ በኋላ የሚነደው ዘይቱ ብቻ አይደለም፤ አሉሚኒየሙም ይነዳል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ልጁ ፊቱን አስጠግቶ ጌጅ እያነበበ ሳለ ነው። የኦክስጅን ቫልቭ ጥርስ ከሌላው የተለየ ሆኖ የተሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ማንም «አዳፕተር ላስጠርብልህ» ቢልህ ሰውየውን ሽሸው።

ብየዳ ቤትን ካነሳህ አይቀር፣ መጠየቅ ያለብህ ናይትሮጅን ነው። የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ደረቅ ነው፣ አይነድም፣ ለማርከሩ ከአየር ልዩነት የለውም። የኢንዱስትሪ ጋዝ የሚያቀርቡት በ50 ሊትር ሲሊንደር፣ በ150 ባር አካባቢ ይሸጡታል፤ አንዳንዱ 200ም ይደርሳል። ለኤሌክትሮኒኮቹም ይሆናል።

ከሪያድ_የገባ፦
እህቴ ትክክል ብላለች። የቆዩት ተጫዋቾች የአየር ሲሊንደርን እስካሁን «ናይትሮ» ይሉታል፤ መጀመሪያ የሚሞላው በናይትሮጅን ስለነበር ነው።

ሐረጎ_ዳገት፦
ማሻአላህ! ግን 150 ባር ከሆነ 200 የሚይዘውን ሲሊንደር ሙሉ አያደርገውማ?

ሰብለ_ሴፍቲ፦
አያደርገውም። ግን እናስላው። 48 ኪዩቢክ ኢንች የሚባለው ሲሊንደር 0.79 ሊትር ይይዛል። በ200 ባር ሞልተኸው ከ400 እስከ 500 ጥይት ይሰጣል። ሬጉሌተሩ ከ58 ባር በታች ያለውን ስለማይጠቀምበት የምትቆጥረው ከዚያ በላይ ያለውን ነው። ስለዚህ በ150 ባር ብትሞላው ከ250 እስከ 300 ጥይት ታገኛለህ። ለአንድ ኪራይ ልጅ ከበቂ በላይ ነው።

ተጫውተው 60 ባር ላይ የሚመልሱልህን ሲሊንደር ስትሞላ ትልቁ በእያንዳንዱ ሙሌት ባር ተኩል ገደማ ይወርዳል፤ ከ20 ሙሌት በኋላ 125 ባር አካባቢ ታገኘዋለህ። ሁለት ትልልቅ ሲሊንደር ካለህ ደግሞ ጥበቡ እዚህ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ከደከመው ቅዳ፣ ሚዛኑን ሲጠብቅ ዝጋና መጨረሻውን ከጠንካራው ጨርስ። ጠንካራው እንዲህ ሲሆን ብዙ ይቆይልሃል። ስትሞላ ቀስ በል፤ በጥድፊያ ከሞላኸው ይግላል፣ ሲቀዘቅዝ ጌጁ ቁልቁል ይሄዳል፣ ልጁም «አጎደልክብኝ» ይልሃል። መሙያ ጫፉ ላይ ዘይት ጠብ እንዳታደርግ።

ሰኞ_ገበያ፦
ወንድሞቼ፣ ጋዙን ስትጨርሱ አንድ ነገር። በ2014ቱ ጦርነት ያየነውን አይተናል። ቦሩ ሜዳ አካባቢ ጠዋት ጠዋት ጧ ጧ የሚል ነገር ሲሰማ ያቺ ውሃ የምትቀዳ እናት ቀለም ነው ብላ አትገምትም። ማርከሩም ከሩቅ ሲያዩት ያስደነግጣል። ለአካባቢው ሽማግሌዎችና ለሚሊሻው አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ማርከሩን በመንገድ ላይ በቦርሳ ተሸፍኖ ያዙት፣ መጫወቻውን በመረብ አጥሩት። የጋዙ ምርጫ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሐረጎ_ዳገት፦
እውነት ነው ጋሼ። እዚህ ላይ ማንም ያላነሳብኝን ነው ያነሱት። ቦሩ ሜዳን በግማሽ ልቤ ተውኩት።

ፊዚክስ_ቲቸር፦
ስለ ፍጥነት ሳልናገር ማለፍ የለብኝም፣ ከደኅንነት ጋር የተያያዘ ስለሆነ። በአብዛኛው ሀገር የሜዳው ጣሪያ 300 ጫማ በሰከንድ፣ 91 ሜትር ነው፤ ብዙ ሜዳ ደግሞ 280 ላይ ያቆመዋል። ቲፕማን 98 የራሱ ሬጉሌተር የለውም፤ የሚገባበትን ግፊት እንዳለ ነው የሚተኩሰው። በሲኦቱ ጠዋት በብርድ 280 ላይ አስተካክለኸው ብትለቀው፣ ፀሐይ ስትበረታ ማንም ሳይነካው 300ን ሊያልፍ ይችላል። ሲኦቱ የመረጠ ሰው የፍጥነት መለኪያ መግዛትና ከቀትር በኋላ እንደገና መለካት ግዴታው ነው። በአየር ግን አንዴ ታስተካክለዋለህ፣ ብዙም አትባክንበትም።

በነገራችን ላይ ከፍታው ለጥይቷ ይጠቅማታል፤ አየሩ ስለሳሳ ባሕር ዳርቻ ካለው ሜዳ ይልቅ እዚህ ትንሽ ራቅ ትላለች። መረቡን ስትሰቅሉ አስቡት።

ድራፍት_ቤት፦
ሁላችሁም ወደ አየር አዘነበላችሁ። እኔ አሁንም እላለሁ፣ ሜካኒካል ማርከር ይዘህ፣ ቀስ ብለህ የምትተኩስ ከሆነ፣ ሲኦቱ ምንም አይልህም። ናይትሮጅኑ ሲያልቅብህ እሁድ ከሰዓት ማን ያመጣልሃል? እኔ ጋ ግን ትመጣለህ።

ለማንኛውም ለሚሞላ ሰው የምነግረው አለኝ፣ ድራፍት ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የሲኦቱ ጌጅ ይዋሻል። ፈሳሽ ጠብታ እስካለ ድረስ ሙሉውንም ሩቡንም አንድ ዓይነት ያሳይሃል፣ ከዚያ ድንገት ዘጭ ይላል። ስለዚህ የሚሞላው በሚዛን ብቻ ነው። ባዶውን መዝን፣ ጻፍ። ፈሳሹ እንዲወርድ ትልቁ ሲሊንደር የውስጥ ቱቦ ያለው ይሁን፣ ከሌለው ተገልብጦ ይታሰር። ትንሹን ቀድመህ አቀዝቅዘው፣ አለዚያ አይቀበልህም። 567 ግራም የሚል ላይ 567 ሲደርስ አቁም፤ «ትንሽ ልጨምርልህ» የምትባል ነገር የለችም። ከልክ በላይ የሞላ ሲሊንደር መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ቢቀመጥ ደኅንነት ቆርቆሮዋ ትበጠስና ያለው ሁሉ ባንዴ ይወጣል። በር ዘግታችሁ ደግሞ አትሙሉ። ሲኦቱ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል፣ ሳታውቀው ያፍንሃል።

አያ_መካኒክ፦
አሁን ቁም ነገር ተናገርክ የኔ ልጅ።

ከሪያድ_የገባ፦
አንድ ሳልናገር የማላልፈው ነገር፣ ለሁለቱም ጋዝ የሚሆን። ሲሊንደሩን ከማርከሩ ስትፈታ እጅህ የሚያዞረው ሲሊንደሩን ነው፤ ቫልቩ ደግሞ ሲሊንደሩ አንገት ላይ በሌላ ጥርስ ነው የታሰረው። አንዳንዴ ቫልቩ ማርከሩ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ሲሊንደሩ ብቻውን ከቫልቩ እየተፈታ ይመጣል። ሙሉ ግፊት እንዳለበት ከተላቀቀ ሮኬት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰው ሞቶበታል። መከላከያው የጥፍር ቀለም ነው። አንድ ቀጭን መስመር፣ ከቫልቩ ጀምሮ ሲሊንደሩ አንገት ላይ እስኪወርድ ቀባበት። ስትፈታ መስመሩ ለሁለት ከተከፈለ፣ ወዲያው አቁም፣ ወደ ነበረበት መልሰህ አጥብቅ፣ ለሚያውቅ ሰው ስጠው። ኪራይ ልጆች ራሳቸው እንዳይፈቱም ከልክል። በሜዳው የሚፈታ አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

ለአክስትህ ልጅ ደግሞ ንገረው፣ የአየር ሲሊንደር ያገለገለ ከሆነ ላዩ ላይ የታተመውን ቀን ያንብብ። በየ5 ዓመቱ በውሃ ግፊት ይፈተናል። የካርቦን ፋይበሩ 4500 ፒኤስአይ የሚይዘው ቀላል ነው፣ ያምራል፣ ግን ዕድሜው 15 ዓመት ላይ ያበቃል፤ ዕድሜው ያለፈበትን በርካሽ ሊያስታቅፉት ይችላሉ። አንተ 150 ባር ነው የምትሞላው፣ 4500 ምን ያደርግልሃል? የአሉሚኒየሙ 3000 ይበቃሃል።

ሐረጎ_ዳገት፦
በቃ ገባኝ። ኮምቦልቻ ላይ ቆርጠናል። ለኪራይ 48/3000 የአሉሚኒየም ሲሊንደሮች በናይትሮጅን፣ ባለ 50 ሊትር ሁለት። ሁለት ባለ 20 አውንስ የሲኦቱ ሲሊንደር ደግሞ ለቲፕማኖቹ መጠባበቂያ፤ ድራፍት_ቤት እንዳትቀየመኝ። ለልጁም ሲሊንደሮቹ ባዶ ሆነው፣ ቫልቫቸው ተፈትቶ እንዲመጡ ጽፌለታለሁ፤ ግፊት ያለበትን አውሮፕላን አይጭንም ብለውታል።

አንድ ቀረኝ፦ ትልልቆቹን ናይትሮጅኖች በአይሱዙ ስናጓጉዝ ተጋድመው ቢመጡ ችግር አለው?

ሰብለ_ሴፍቲ፦
ቢቻል ቆመው፣ ከመኪናው ግድግዳ ጋር በሰንሰለት ታስረው። የቫልቩ ክዳን ሳይታሰር አንድም ሜትር አይንቀሳቀሱ፤ ቫልቩ ወድቆ ከተሰበረ ሲሊንደሩ ግድግዳ ይበሳል። ጋቢና ውስጥ ሰው አጠገብ አይጫን። ሬጉሌተሩ ተፈትቶ ለብቻው በካርቶን።

ድራፍት_ቤት፦
አልተቀየምኩም። እሁድ ከሰዓት በሬ ክፍት ነው።

ቡና_ጠጡ፦
እኔ የጋዙ ነገር አልገባኝም፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ቀለሙ ከነጭ ጋቢ ላይ ይለቃል?

ከሪያድ_የገባ፦
ይለቃል። ጥይቷ ሽፋኗ ጄላቲን ነው፣ ውስጧም ዘይት ቀለም አይደለም፣ ውሃ ያጥበዋል፤ ሳይደርቅ ቶሎ እጠበው። ግን ጋቢ ለብሰህ እንዳትመጣ፣ ሁሉም አንተን ነው የሚያነጣጥሩት።